ራሱን ኤክስትራክት ለሚያደርግ ፋይል አርጉመንት መስጠት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ከዚራ ያለ ሱቅ የሒሳብ ፕሮግራሙን ራሱን ኤክስትራክት በሚያደርግ (ሲከፈት የታሸገበትን ራሱ በሚፈታ) ፋይል ጠቅልሎ፣ ሐረር ላለው ቅርንጫፍ በፍላሽ ላከ እንበል። ሐረር ያለው ሠራተኛ ኮማንድ ላይን ላይ አርጉመንት (ከስሙ ቀጥሎ ለፕሮግራሙ የሚጻፍ ትእዛዝ ወይም የፋይል ስም) ጨምሮ ሲያስነሳው እነዚህ የተሳሳቱ አመለካከቶች ያጋጥሙታል።

«ከፋይሉ ስም ቀጥሎ የተጻፈ ሁሉ ለፕሮግራሙ ይደርሳል»

መጀመሪያ የሚያነበው ፋይሉ ውስጥ አብሮ ያለው መፍቻ (ሞጁል) ነው። የፋይል ማሸጊያው የሰቨን ዚፕ ኢንስቶለር ሞጁል (ፈትቶ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው) የተጻፈውን ያሳልፋል፤ መነሻው ላይ ሰረዝና «ዋይ» ፊደል (-y) ካገኘ ግን «ሳትጠይቅ ፍታ» ማለት ስለሆነ ለራሱ ያስቀራቸዋል። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ አርጉመንት በእነዚህ ሁለቱ ከጀመረ አናቱ ተቆርጦ ይደርሳል፤ ሌላ አርጉመንት ያስቀድሙ። በሌላው ማሸጊያ በዊንራር ላይ አርጉመንቱን ከሰረዝ፣ «ኤስ» እና «ፒ» (-sp) ጋር አያይዞ መጻፍ ያስፈልጋል። በሊኑክሱ ማሸጊያ በሜክሰልፍ -- ካስገቡ በኋላ ያለው ሁሉ የፕሮግራሙ ነው።

«የሰቨን ዚፕ ሞጁል ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ተራው ሞጁል ፈትቶ ያቆማል፣ ምንም አያስነሳም፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ኢንስቶለር ሞጁሉ ነው።

«ፕሮግራሙ የሚከፍተው ፋይል አጠገቤ ስላለ ስሙ ብቻ ይበቃል»

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ኢንስቶለር ሞጁሉ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይፈታና ፕሮግራሙን እዚያው ሆኖ ያስነሳዋል። አርጉመንቱ በትክክል ደርሷል፤ ፕሮግራሙ ግን ፋይሉን የሚፈልገው በጊዜያዊው ፎልደር ነው፣ ስለዚህ «ፋይሉ የለም» ይላል። ከድራይቩ ጀምሮ ሙሉውን አድራሻ ይስጡ። ፕሮግራሙ ሌላ ፕሮግራም አስነስቶ ራሱ ከወጣም መፍቻው ሥራው ያለቀ መስሎት ፎልደሩን ማጥፋት ይጀምራል።

«ክፍተት ያለበትን ስም የሚያበላሸው መፍቻው ነው»

ፎልደሩ «ድሬ ዳዋ» ተብሎ ተለያይቶ ከተጻፈ ያለ ጥቅስ ምልክት ሁለት አርጉመንት ይሆናል። ጥቅሱ ውስጥ ካስገቡት ሰቨን ዚፕ ከነጥቅሱ ያሳልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው መሃል ላይ የገባው ስክሪፕት (ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ነው፦ በዊንዶውስ ስክሪፕት፣ ማለትም በባች ፋይል ውስጥ %1 የመጀመሪያውን ብቻ ይወስዳል፣ ሁሉንም እንዳለ የሚያስተላልፈው %* ነው። በሊኑክስ ሼል ስክሪፕት ላይ ደግሞ "$@" ከነጥቅሱ ይጻፋል፤ ጥቅሱ ከቀረ «ድሬ» እና «ዳዋ» እንደገና ይለያያሉ።

ፍላሹ ከመሄዱ በፊት በፕሮግራሙ ቦታ የደረሰውን አርጉመንትና ያለበትን ፎልደር ብቻ የሚያሳይ ባች ፋይል ጠቅልለው ይሞክሩ፤ ጥፋቱ ከመፍቻው ይሁን ከፕሮግራሙ ወዲያው ይለያል።