ስለ ድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ የሚባለውና እውነታው

«ከትልልቆቹ ማማዎች የሚወጣው ነጭ ነገር ጭስ ነው»

አይደለም። ወገባቸው የጠበበ፣ አፋቸው የሰፋ ማማዎች ማቀዝቀዣ ናቸው፤ ከአናታቸው የሚወጣውም ተንኖ መልሶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። የኒውክሌር ጣቢያዎችም ይህንኑ ማማ ይጠቀማሉ። የከሰሉ ጭስ የሚወጣው አጠገቡ ካለው ቀጭን ረጅም ጭስ ማውጫ ነው፤ ማጣሪያው በደንብ ሲሠራ ደግሞ እምብዛም ለዓይን አይታይም። የብክለት ዜና በማማው ፎቶ ሲታጀብ ጥፋተኛው ሌላ፣ የተነሣው ሌላ ነው።

«ከሰሉ ተከምሮ ይነድዳል»

በዘመናዊ ጣቢያ መጀመሪያ ይፈጫል። ወፍጮው 70 በመቶ ያህሉን ከ75 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) በታች ያልመዋል፤ ሙቅ አየር እያደረቀ ወደ ምድጃው ይነፋዋል፤ ዱቄቱም አየር ላይ እንዳለ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነድዶ ያልቃል። የወፍጮው መፍጫ ሲያልቅና ዱቄቱ ሲሻክር ያልነደደ ካርቦን ከአመዱ ጋር ይወጣል። ወፍጮው ውስጥ ተኝቶ የቆየ ዱቄት ደግሞ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል።

«ሙቀቱ የሚባክነው መሣሪያው ስላረጀ ነው»

በከፊል ብቻ። የከሰሉ እሳት ቦይለር በሚባለው ማፍያ ውስጥ ውሃን እንፋሎት ያደርጋል፤ እንፋሎቱም ተርባይኑን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አመንጪውን የሚነዳውን ባለ ክንፍ ማሽን፣ አዙሮ ሲጨርስ ኮንደንሰር በሚባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ ውሃ መሆን አለበት። እዚያ ግፊቱ 0.05 ባር ገደማ (አንድ ባር የተለመደው የአየር ግፊት ያህል ነው) ስለሆነ እንፋሎቱ እስከ መጨረሻው ተስፋፍቶ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ውሃን ወደ ቦይለር መልሶ መግፋትም እንፋሎትን ከመጭመቅ እጅግ ይቀልላል። የዚህ ዋጋ ግን ከባድ ነው፦ እያንዳንዱ ኪሎ እንፋሎት ውሃ ሲሆን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ለማቀዝቀዣው ውሃ ያስረክባል። ስለዚህ እንፋሎቱን 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚያደርስ የተለመደ ጣቢያ ከሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከ35 እስከ 38 በመቶ ሲሆን፣ 600 ዲግሪና ከ250 ባር በላይ የሚሠራው እንኳ 45 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ማሞቅ የቧንቧውን ብረት ቀስ በቀስ ያለጥጠዋል። ኮንደንሰሩ አየር ካስገባ ወይም ቱቦዎቹ ከቆሸሹ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ምርቱ ይወርዳል፤ ኦፕሬተሮች የኮንደንሰሩን ግፊት ሌት ተቀን የሚከታተሉት ለዚህ ነው።

ሒሳቡም ይህ ነው፦ በ37 በመቶ ብቃት፣ ኪሎው 24 ሜጋ ጁል በሚሰጥ ከሰል፣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.4 ኪሎ ግራም ያህል ይፈጃል። 500 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በሰዓት 200 ቶን ገደማ ይበላል።

«ማጣሪያ ከተገጠመ ንጹሕ ነው»

አመዱን በኤሌክትሪክ ሙሌት የሚስበው ማጣሪያ ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። የኖራ ድንጋይ ውህድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድን ወደ ጂፕሰም (ጀሶ) ይለውጣል፤ አሞኒያ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይቀንሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚነካ ግን ከመካከላቸው የለም፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.9 ኪሎ ግራም ያህሉ ይወጣል። ከከሰሉ የሚከብደው ካርቦኑ ከአየር ኦክስጅን ስለሚጨምር ነው።

«ዘመኑ አልፎበታል»

በእንግሊዝ አዎ፤ በ1882 ለንደን ውስጥ የተጀመረው ከከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨት በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) የመጨረሻው ጣቢያ ሲዘጋ አበቃ። በዓለም ደረጃ ግን ከኤሌክትሪኩ ሲሶ ያህሉ ዛሬም ከከሰል ይመነጫል።

«ፍላጎት ሲጨምር ማብራት፣ ሲቀንስ ማጥፋት ነው»

ቀዝቅዞ የቆየ ጣቢያ ሙሉ ኃይል ላይ ለመድረስ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ወፍራሙ የቦይለር ብረትና የተርባይኑ ዘንግ በፍጥነት ከሞቁ ውስጡና ውጩ እኩል ስለማይሰፋ ይሰነጠቃሉ። እሳቱም የሚጀመረው በዘይት ወይም በጋዝ ነው። ከተዘጋ በኋላ ዘንጉ እስኪቀዘቅዝ በዝግታ መሽከርከር አለበት፤ ዝም ብሎ ከቆመ ይጎብጣል።