ከማዕድን ማውጫ በፊት፦ የሬር ኧርዝና የሌሎች ወሳኝ ማዕድናት ፍለጋ

ሬር ኧርዝ የሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ 15ቱ ላንታናይዶች፣ ስካንዲየምና ኢትሪየም። የእንግሊዝኛው ስም «ብርቅ አፈር» እንደ ማለት ነው፤ ብርቅ መባላቸው ግን አሳሳች ነው። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባል። ብርቁ ነገር አንድ ቦታ ተከማችተው፣ ያውም በቀላሉ ከሚለቃቸው ማዕድን ጋር መገኘታቸው ነው። ስለዚህ የመነሻው ፍለጋ ትልቁ ሥራ የማያዋጣውን ቦታ ገንዘብ ሳያልቅ መጣል ነው።

መነሻው ቢሮ ነው። የቆዩ የጂኦሎጂ ካርታዎች፣ የሳተላይት ምስሎች፣ ከአውሮፕላን የተወሰዱ የማግኔትና የጨረር ልኬቶች ይገላበጣሉ። ለሊቲየም ፔግማታይት የተባለው ትላልቅ ክሪስታል ያለው አለት፣ ለሬር ኧርዝ ደግሞ በተለይ ካርቦናታይት የተባለው በካርቦኔት የበለጸገ የቅላጭ አለት ይታደናል። ጨረር የሚጠቅመው እንደ ሞናዛይት ያሉት ሬር ኧርዝ ተሸካሚ ማዕድናት ጨረር አመንጪውን ቶሪየም ስለሚይዙ ነው። የካሊፎርኒያው የሬር ኧርዝ ክምችት ማውንቴን ፓስ እ.ኤ.አ. በ1949 የተገኘው በዩራኒየም ፈላጊዎች ነበር። መንገድ ያሳየው ቶሪየም ግን ኋላ ዝቃጩን የት እንጣለው የሚያሰኝ ራስ ምታት ይሆናል።

ከዚያ መስክ ይወጣል። ጂኦሎጂስቱ ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ከፍ ብሎ ከየገባሩ ደለል ይዝቃል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ከረጢቱ ላይ ቁጥር ይጽፋል። ውጤቱ ከፍ ያለበትን ገባር ተከትሎ ሽቅብ ይወጣና የአፈር ናሙና በየተወሰነ ርቀት ይሰበስባል። በእጅ የሚያዘው፣ በኤክስሬይ ንጥረ ነገሮችን የሚለየው የኤክስአርኤፍ መሣሪያ ላንታነምንና ሴሪየምን እዚያው ያነባል፤ እንደ ዲስፕሮሲየም ባሉት ከባድ አቶም ባላቸው ሬር ኧርዞች ላይ ግን ብዙ አይታመንም። ልምድ ያለው ሰው ኢትሪየምን ያያል፤ ከከባዶቹ ጋር አብሮ ይጓዛልና።

ምልክቱ ከጸና ጥቂት ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። የወጣው የድንጋይ በትር ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ላብራቶሪ ይላካል፣ ግማሹ ለማመሳከሪያ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። አንዳንዱ ማዕድን በአሲድ ብቻ ስለማይሟሟ ናሙናው ከሊቲየም ቦሬት ጋር ቀልጦ ይመረመራል።

ውጤቱ ሲመጣ «አጠቃላይ የሬር ኧርዝ ኦክሳይድ» የሚለውን አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ መደሰት አይገባም። አብዛኛው ርካሾቹ ሴሪየምና ላንታነም ሊሆን ይችላል፤ ለማግኔት የሚፈለጉት ኒዮዲሚየም፣ ፕራሲዮዲሚየም፣ ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም ናቸው። የተሸከማቸው ማዕድንም ይወስናል። በደቡብ ቻይና የሚገኙት ሸክላ አፈሮች ይዘታቸው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ንጥረ ነገሮቹ በአሞኒየም ሰልፌት ውሃ ሲታጠቡ ስለሚለቁ ያዋጣሉ። በአንጻሩ ይዘቱ የላቀ ጠንካራ አለት ለዓመታት ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ቡድን ንጥረ ነገሮቹን ከማዕድኑ የማውጣቱን የማጣሪያ ሙከራ ከመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ጋር አብሮ የሚጀምረው።