ቲኪ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

የሣር ክዳን ያለው ዳስ፣ አንድ የፕላስቲክ ዘንባባና የወረቀት ጃንጥላ የተሰካበት ሰማያዊ መጠጥ በታየ ቁጥር «ቲኪ ባር» ተብሎ ሲጻፍ ማንበብ ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ቲኪ «የፖሊኔዢያ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች) ሕዝቦች ጥንታዊ የመጠጥ ባህል» መሆኑን በሙሉ ልብ ሲያስረዳ አነበብሁ። የመጀመሪያው ግድየለሽነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ፍጹም ስሕተት ነው።

ቲኪ፣ ማለትም የፓስፊክ ደሴቶችን የሚያስመስል የመጠጥ ቤት አሠራርና የመጠጥ ስልት፣ የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። በኋላ ዶን ቢች የተባለው ኧርነስት ጋንት፣ በአሜሪካ የአልኮል እገዳው በተነሣበት ሰሞን፣ ሆሊውድ ውስጥ ጠባብ መጠጥ ቤት ከፍቶ የደቡብ ባሕር ደሴቶችን በሚያስታውሱ ዕቃዎች አስጌጠው። ቪክተር በርጀሮንም እ.ኤ.አ. በ1934 በኦክላንድ የከፈተውን ቤት በኋላ «ትሬደር ቪክስ» ብሎ በዚያው መንፈስ አስፋፋው። ከፓስፊክ ጦር ግንባር የተመለሱ ወታደሮች ትዝታና ሃዋይ በ1959 ሃምሳኛዋ ግዛት መሆኗ የቀረውን ሠሩ። መጠጡም ቢሆን የፓስፊክ አይደለም፤ መሠረቱ ከጃማይካ፣ ከማርቲኒክና ከኩባ የመጣ ሩም (የሸንኮራ አገዳ አረቄ) ነው። የፓስፊክ ደሴቶቹ ነባር መጠጥ ካቫ ሲሆን፣ እርሱም ከተክል ሥር የሚዘጋጅ እንጂ አረቄ አይደለም።

እንግዲያውስ ቲኪን እንደ ቲያትር ማየት ይሻላል። መድረክ ላይ በሸራ የተሳለ ቤተ መንግሥት ሲቆም ሠዓሊውን ንጉሥ ነው የሚል ተመልካች የለም፤ ሸራ ስለሆነ ብቻ ሥራውን የሚንቅም የለም። በሚገባ የተሠራ የቲኪ ክፍል መስኮቱ የተሸፈነ ነው፤ የቀን ብርሃን ከገባበት በትወናው መሐል የአዳራሹ መብራት ቦግ እንደማለት ይቆጠራል። ግድግዳው ሰሌንና ቀርከሃ ነው፤ መብራቱ ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያንሳፍፉባቸው ከነበሩት የመስታወት ኳሶች ውስጥ ይፈነጥቃል፤ ከሙዚቀኛው ማርቲን ዴኒ ባንድ ቫይብራፎን (በመዶሻ የሚመታ የብረት ሰሌዳ መሣሪያ) ጋር የሰው አፍ ያስመሰለው የወፍ ጩኸት ይሰማል። በሳን ፍራንሲስኮው መጠጥ ቤት በቶንጋ ሩም ውስጥማ በገንዳው ላይ ሰው ሠራሽ ዝናብ ከነነጎድጓዱ ይወርዳል። ንጽጽሩ የሚያነክሰው የቲኪ ቤቶችን በሚያስጌጡት ተጠርበው በተሠሩ ምስሎች ላይ ነው፤ እነርሱ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሕዝቦች የአማልክትና የቅድመ አያቶች ምስሎች ስለሆኑ፣ ከፖሊኔዢያውያን የሚነሣው ቅሬታ በ«ጨዋታ ነው» የሚታለፍ አይደለም። እኔ ለቤቴ ክፍል ምስል ስገዛ ከደሴቶቹ ጠራቢዎች የምገዛው ለዚህ ነው።

የቲኪን መጠጥ «በስኳር የታጨቀ ጭማቂ» ለሚሉትም የምለው አለኝ። ዶን ቢች ቀመሩን ከገዛ ባርማኖቹ ይሰውር ስለነበር፣ በአንዱ ጠርሙስ ላይ የሚነበበው «የዶን ቅልቅል» የሚል ብቻ ነበር፤ የቲኪ መጠጦችን ታሪክ የሚያጠናው ጄፍ ቤሪ ከዓመታት ፍለጋ በኋላ እንደደረሰበት፣ ውስጡ ሁለት እጅ የግሬፕፍሩት ጭማቂና አንድ እጅ የቀረፋ ሽሮፕ ነው። መራራውና ቅመሙ ባይኖሩ ዞምቢ የተሰኘው መጠጡ ሩም ብቻ ይሆን ነበር፤ ከሁለት ብርጭቆ በላይ ለአንድ ሰው አይሸጥም የሚለው ደንብም ለማስታወቂያ ቢጠቅምም መሠረተ ቢስ አልነበረም። (መጠጡ ላይ እሳት ማንደድ የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ የተከበባችሁት በደረቅ ቀርከሃ መሆኑን አትዘንጉ።)

ቤቱ ውስጥ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ከምስልና ከኩባያ ግዢ በፊት የመብራቱ ነገር ይቀድማል፤ ቀጥሎ ማይ ታይ የተባለውን የሩም መጠጥ በወጉ መሥራት ይልመድ። በርጀሮን በ1944 የቀመረው የ17 ዓመት የጃማይካ ሩም፣ የዕለቱ ሎሚ፣ ኩራሳዎ (የብርቱካን ጣፋጭ አረቄ)፣ የአልሞንድ ሽሮፕና ጥቂት የስኳር ሽሮፕ በተፈጨ በረዶ ነው። የአልሞንድ አለርጂ ያለበት እንግዳ ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ሽሮፑ በቀለሙ አይታወቅም። አናናስ ግን በቀመሩ ውስጥ የለም፤ አናናስና ግሬናዲን (ቀይ የሮማን ሽሮፕ) ቀላቅሎ ማይ ታይ ነው ብሎ የሚያቀርብ ቤት የሚሸጠው ሌላ መጠጥ ነው።