የማሽን ቅዠት ምንድን ነው?

ልደታ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ የሚያዘጋጁ ጽሕፈት ቤቶች ሞልተዋል። ከእነዚህ በአንዱ የተጻፈ የውርስ አቤቱታ የያዙ አንዲት እናት በቅርቡ ወደ እኔ መጡ። አማርኛው የተዋጣ ነው፤ የሕግ ስሕተት የሚያርመው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔ ሳይቀር በመዝገብ ቁጥር ተጠቅሶበታል። መዝገቡን ብፈልገው ስለ ሥራ ስንብት የተሰጠ ውሳኔ ሆኖ አገኘሁት። ለካ አቤቱታው የተጻፈው በማሽን ነው።

የማሽን ቅዠት የሚባለው ይህ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ አፉን ሞልቶ ሲናገር። ቻትጂፒቲን የመሰለ መሣሪያ ካነበበው ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ይጽፋል። የሰው ጸሐፊ እንደሚያደርገው መዝገብ ቤት ገብቶ ካላገላበጠ በቀር እውነቱን የሚያጣራበት የለውም። «የሰበር መዝገብ ቁጥር» ከሚለው ሐረግ በኋላ አሃዝ እንደሚከተል ያውቃል፤ ስለዚህ አሃዝ ይሞላበታል። በአማርኛ ያነበበው ጥቂት መሆኑ ደግሞ ግምቱን ይበልጥ ያሳሳዋል።

ስሙ ራሱ ያሳስታል ባይ ነኝ። ትኩሳት የያዘው ሰው ሲቃዥ ድምፁም ዓይኑም ያስታውቃል፤ አስታማሚውም ቃሉን አይቀበለውም። ማሽኑ ግን እውነቱንም ስሕተቱንም በአንድ ዓይነት እርጋታ ያቀርባል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው ከነድርጅታቸው 5,000 ዶላር ተቀጡ። አንደኛው ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን መልሶ የጠየቀው ያንኑ ማሽን ነበር፤ ማሽኑም እውነተኛ ናቸው አለው። እኛ ዘንድ ነገሩ ይከብዳል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም አስገዳጅ ነው። ሐሰተኛ ሰበር መጥቀስ የሌለ ሕግ ከመጥቀስ አይለይም።

ያሳዘነኝ ሌላም ነገር አለ። አቤቱታውን ለማስጻፍ የእናቲቱ ስም፣ የልጆቻቸው ስም፣ የቤታቸው ካርታ ቁጥር ሁሉ ለማሽኑ ተሰጥቷል። የቤተሰብ ጉዳይ ባሕር ማዶ ካለ ኩባንያ ኮምፒውተር ገባ ማለት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንኳ እሳቸውን ያስፈቀደ አልነበረም።

ቁጥሩን ሰርዘን በጉዳያቸው የሚሠራ ውሳኔ ከታተሙት የሰበር ውሳኔ ጥራዞች ፈለግን። ማምሻውን ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄጄ ጸሐፊውን አነጋገርሁት፤ ጥራዞቹን አብረን ከኢንተርኔት አወረድን፣ ከእንግዲህ ቁጥር ከመጻፉ በፊት ውሳኔውን ከፍቶ እንደሚያነብ ነገረኝ።