የከሰረ ኩባንያ አጣሪ ክፍያ እንዴት ይወሰናል?

በእንግሊዝ አገር ለከሰረ ኩባንያ ዕቃ በዱቤ የላካችሁ የኮምቦልቻ ነጋዴዎች፣ «አጣሪው የእኛን ገንዘብ ለራሱ እየከፈለ ነው፤ ማን ፈቀደለት?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ላስረዳ። አጣሪ ማለት የከሰረውን ኩባንያ ንብረት ሰብስቦና ሸጦ ገንዘቡን ለባለገንዘቦች የሚያከፋፍል ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአገሩ ደንብ ሦስት መንገድ ይሰጣል፦ ከንብረቱ ዋጋ በመቶኛ፣ በሠራበት ሰዓት ወይም በቁርጥ። በመጀመሪያ የሚወስኑት ባለገንዘቦቹ፣ ማለትም ኩባንያው ዕዳ ያለበት ሰዎች ናቸው፤ እናንተም ጭምር። ስለዚህ እባካችሁ፣ የድምፅ መስጫ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ዝም አትበሉ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ሰዓት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ዳኛው ሥራው ያስፈልግ ነበር ወይ፣ ምን ያህል ከባድ ነበር፣ ምን ጥቅም አስገኘ፣ ክፍያውስ ከጉዳዩ ጋር ይመጣጠናል ወይ ብሎ ይመረምራል። የማስረዳት ሸክሙ የአጣሪው ነው፤ ጥርጣሬ ከቀረም የሚጎዳው እሱ ነው። ለምሳሌ 40,000 ፓውንድ ሰብስቦ 35,000 ቢጠይቅ ብርቱ ምክንያት ማቅረብ አለበት። የተሸሸገ ንብረት ለማስመለስ ረጅም ክስ ተከራክሮ ከሆነ ግን መልሱ ሊለይ ይችላል። «ተገቢ» የሚባል አንድ መቶኛ የለም።

ክፍያው በዛ የሚል መያዣ የሌለው ባለገንዘብ፣ የራሱን ጨምሮ ከእንዲህ ዓይነቱ ዕዳ ቢያንስ 10 በመቶ የያዙ ሰዎች ከተስማሙ፣ አለዚያም ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት፣ የአጣሪው ሪፖርት በደረሰው በ8 ሳምንት ውስጥ ማመልከት ይችላል። ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ እዚህ አገር የተመዘገበ ኩባንያ የሚዳኘው በእኛው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው።