የሆላንድ አደባባይ ምንድን ነው?

የሆላንድ አደባባይ የሚባለው መኪና፣ ብስክሌተኛና እግረኛ በየራሳቸው መንገድ እንዲያልፉ አድርጎ የሚሠራ የአደባባይ ዓይነት ነው። መኪኖች መካከለኛውን ደሴት በአንድ መስመር ብቻ ይዞራሉ፤ ከእነሱ ወጣ ብሎ ብስክሌተኞች የሚዞሩበት ቀይ አስፋልት የለበሰ ሌላ ቀለበት አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ የእግረኛው ዜብራ ይመጣል።

ዋናው ቁም ነገር ቀዩ ቀለም ሳይሆን በሁለቱ ቀለበቶች መካከል የሚተወው 5 ሜትር ገደማ ክፍተት ነው። በተለመደው አደባባይ ብስክሌተኛው ከመኪናው ጎን ስለሚዞር፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ ሊወጣ የፈለገ ሾፌር በጎን መስታወት ፈልጎ ሊያገኘው ይገባል፤ ለከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ከእይታ የተሰወረ ነው። እዚህ ግን ሾፌሩ መጀመሪያ ከቀለበቱ ወጥቶ መኪናውን ካቃና በኋላ ነው ከብስክሌተኛው ጋር የሚገናኘው፤ ያን ጊዜ በፊት መስታወቱ በኩል ከፊቱ ሲያቋርጥ ያየዋል። አንድ የቤት መኪናም ከኋላው የሚዞሩትን ሳያግድ በክፍተቱ ውስጥ ቆሞ ሊያሳልፈው ይችላል።

ፍጥነትን የሚቀንሰው ራሱ የመንገዱ ቅርጽ ነው። መግቢያዎቹ ጠባብ ሆነው ወደ መሃል ቀጥ ብለው ስለሚገቡ፣ መሪውን አጥብቆ ሳያዞር የሚያልፍ የለም፤ ለረጃጅም የጭነት መኪኖች ሲባል በደሴቱ ዙሪያ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ጥቂት ከፍ ያለ ጠርዝ ይተውላቸዋል። እግረኛውም በየመንገዱ መሃል የሚቆምበት ደሴት ስላለው፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ብቻ ተመልክቶ ይሻገራል።

ቅድሚያው የማን ነው የሚለው ጥያቄ በኔዘርላንድስም ሲያከራክር ኖሯል። የአገሪቱ የንድፍ መመሪያ በከተማ ውስጥ ለብስክሌተኛው፣ ከከተማ ውጪ ደግሞ ለመኪናው ቅድሚያ እንዲሰጥ ይመክራል፤ ይሁን እንጂ የአደጋ ጥናቶች እንዳሳዩት ብስክሌተኛው ቅድሚያ ባለው አደባባይ የሚጎዱት ሰዎች ቅድሚያ ከሌለው ይበልጣሉ። ከተሞቹ ይህን እያወቁ ቅድሚያውን ያልነሱት ሰው ብስክሌት መንዳቱን እንዲቀጥል ስለሚፈልጉ ነው። ምርጫው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ንድፉ አንዳች ነገር ሳይጎድልበት ከተሠራ ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ካምብሪጅ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱን የመጀመሪያ እንዲህ ያለ አደባባይ የከፈተችው ለብስክሌተኛውም ለእግረኛውም ቅድሚያ በመስጠት ነበር።

እንደ ባሕር ዳር ብስክሌት በሚዘወተርባቸው የአገራችን ከተሞች ይህን ንድፍ መሞከር የሚፈልግ መሐንዲስ ከሁሉ በፊት የመስመሮቹን ቁጥር ሊመለከት ይገባል። ሁለትና ሦስት መስመር ባለው አደባባይ ላይ አንዱ ሾፌር ቆሞ ቢያሳልፍ እንኳ፣ የቆመው መኪና ተሻጋሪውን ከጎኑ ከሚመጣው ሾፌር ይጋርደዋል፤ ስለዚህ መስመሮቹ ወደ አንድ ሳይቀነሱ ቀዩን ቀለም ብቻ መቀባት ሰውን የባሰ ለአደጋ ያጋልጠዋል።