ስለ አንድ የጥቁሮች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተሳስተን የምናወራቸው ነገሮች

ዲሲ አካባቢ ያለ አበሻ «የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ» ሲባል ወዲያው የሚመጣለት ሐዋርድ ነው። አይፈረድበትም፤ ዶክተር መላኩ በያን እንኳን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። ግን ሐዋርድ የመንግሥት አይደለም። ከፌዴራል መንግሥቱ በየዓመቱ ገንዘብ ቢያገኝም የግል ተቋም ነው። የእኔ ወሬ ወደ ደቡብ ወረድ ይላል፤ ግሪንስቦሮ ከተማ ስላለው ስለ ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ነው። ይሄኛው የመንግሥት ነው። «ኤ» ግብርና፣ «ቲ» ቴክኒክ ማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።

«ጥቁር ብቻ ነው የሚቀበለው»

ማንንም ይቀበላል። የትኛው ተቋም «የጥቁሮች» እንደሚባል የሚወስነው የፌዴራል ሕግም የሚያየው ተቋሙ ከ1964 በፊት በዋናነት ጥቁሮችን ለማስተማር መቋቋሙን እንጂ ዛሬ ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ ቀለም አይደለም። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ብሉፊልድ ስቴት እኮ እዚሁ መዝገብ ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ግን ነጮች ናቸው።

«ግዛቱ ለጥቁሮች አስቦ የከፈተው ነው»

ነገሩ ገንዘብ ነው። በ1890 የአሜሪካ ኮንግረስ ሁለተኛውን የሞሪል ሕግ አወጣ። ሕጉ ለግዛቶቹ ምርጫ ሰጣቸው። ለኮሌጃችሁ የፌዴራል ገንዘብ ከፈለጋችሁ ጥቁሮችንም አስገቡ። አናስገባም ካላችሁ ለእነሱ ለብቻ ክፈቱላቸውና ገንዘቡን በፍትሕ አካፍሉ። ለኖርዝ ካሮላይና ጥቁርና ነጭን አንድ ክፍል ከማስቀመጥ ሌላ ኮሌጅ መክፈት ቀለላት። ትምህርቱ በዚያው ዓመት ራሌይ ከተማ፣ ሾው ዩኒቨርሲቲን ተጠግቶ ተጀመረ። የማቋቋሚያ ሕጉ የወጣው በማርች 1891 ነው። በ1893 ግሪንስቦሮ ገባ። እዚያም ቢሆን 14 ኤከር መሬትና 11,000 ዶላር የሰጡት የከተማው ሰዎች ናቸው። የግዛቱ ምክር ቤት የጨመረው 2,500 ዶላር ነበር። ምን ያህል እንዳሰበላቸው ከዚህ ይታያል።

«ላንድ ግራንት ስለሚባል መሬት ተሰጥቶታል»

ስሙ ነው የሚያሳስተው፤ «ላንድ ግራንት» የመሬት ስጦታ ማለት ነው። በ1862 የወጣው የመጀመሪያው የሞሪል ሕግ ለግዛቶች የፌዴራል መሬት ሰጠ፤ ሸጠው ለኮሌጅ እንዲያውሉት። የጥቁሮቹ ተራ ሲደርስ ግን የመጣው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ እሱም በግዛቱ እጅ አልፎ። በመንገድ ላይ ምን እንደሚቀር መቼም እናውቃለን። በ2023 የአሜሪካ የትምህርትና የግብርና ሚኒስትሮች ለ16 የግዛት ገዢዎች ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ስሌት፣ ኤ ኤንድ ቲ ለአንድ ተማሪ የሚመደበው በጀት በዚያው ግዛት ካለው የመጀመሪያው ላንድ ግራንት ተቋም ጋር እኩል ቢሆን ኖሮ፣ በ30 ዓመት ውስጥ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተጨማሪ ያገኝ ነበር።

«ወንዱም ሴቱም ሁሌ አብረው ተምረዋል»

መጀመሪያ ላይ አዎ። በ1901 ግን በሩ ለሴቶች ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ1928 ነው። ለተገፉት የተከፈተ ትምህርት ቤት ራሱ ገፊ ሆነ።

«አራት ልጆች አንድ ቀን ድንገት ተናደው ምግብ ቤት ገብተው ተቀመጡ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኢዜል ብሌር፣ ዴቪድ ሪችመንድ፣ ፍራንክሊን ማኬይንና ጆሴፍ ማክኒል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ስኮት ሆል በሚባለው ዶርም ማታ ማታ ሲከራከሩበት የከረሙትን ነገር ነው ያደረጉት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 ከሰዓት በኋላ ዉልወርዝ የሚባለው ሱቅ ገቡ። መጀመሪያ የጥርስ ሳሙናና ሌላ ሌላ ዕቃ ገዝተው ደረሰኙን ያዙ። ከዚያ የምግቡ ባንኮኒ ጋ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። ጥቁር አናስተናግድም ተባሉ። ታዲያ እዚያ ማዶ ገንዘባችንን ስትቀበሉ ጥቁር አልነበርንም? ደረሰኙ ለዚህ ነው። የተናደደ ሰው ደረሰኝ አይሰበስብም።

የመጀመሪያዎቹም አይደሉም። በ1958 ዊቺታና ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ግሪንስቦሮን ልዩ ያደረገው በቀናት ውስጥ ወደ ሌሎች ከተሞች መዛመቱ ነው። ደግሞ የጎረቤቱ የቤኔት ኮሌጅ ሴቶችም አብረው ተቀምጠዋል፤ ወሬው ላይ ግን ይረሳሉ።

ሱቁ የተረታው ጁላይ 25 ነው። ያን ቀን ቀድመው የተስተናገዱት አራቱ ልጆች አይደሉም፤ የሱቁ የራሱ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። የሥራ ልብሳቸውን ቀይረው መጥተው ባንኮኒው ጋ ተቀመጡ። አንዷ የበላችው የእንቁላል ሳንድዊች ራሷ የሠራችው ነበር።

«ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰላም ሆነ»

በሜይ 1969 እዚያው ከተማ ባለ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ተደረገ። ትምህርት ቤቱ ያሸነፈውን ልጅ አልቀበልም አለ። ጠቡ አድጎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ደረሰ። ዊሊ ግራይምስ የሚባል የ20 ዓመት ተማሪ በጥይት ተገደለ፤ ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በማግስቱ ማለዳ ብሔራዊ ዘብ አንድ ዶርም ሰብሮ ገባና በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ይዞ ወጣ።

ዶርሙ ስኮት ሆል ነው። አራቱ ልጆች ማታ ማታ የተከራከሩበት። በ2004 ፈርሶ በቦታው አዳዲስ ዶርሞች ተሠሩ፤ አራቱ ሕንጻዎች በአራቱ ልጆች ስም ይጠራሉ።